ዲስክ ሲወድቅ፦ ሬይድን ሳይጣደፉ መልሶ ማቋቋም

ዲስክ ተበላሽቶ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ብልሽቱን ለማስተካከል ተብሎ በችኮላ የሚደርሰው ጉዳት ይከፋል። ሰርቨሩ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ የደነገጠ ሰው አጥፍቶ ያበራል፣ ዲስኮቹን እየነቀለ መልሶ ይሰካል፣ ለሌላ ሰው ችግር የተጻፈ ትእዛዝ ገልብጦ በራሱ ሰርቨር ላይ ያስኬዳል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን ዳታው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ለሙሉ አለ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባን አንድ ዲስክ ሲጎድል ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚካሄድ ነው። ያንን የተረዳ ሰው እጁን መቼ መሰብሰብ እንዳለበት ያውቃል።

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ የማሠራት ዘዴ ነው። ስያሜው የታወቀው ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰን እና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረቡት ጥናት ነው። በዘመኑ ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙባቸው ዲስኮች ግዙፍና ውድ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በእነዚህ ፋንታ ለግል ኮምፒውተር የተሠሩ ርካሽ ዲስኮችን በብዛት ማሰለፍ እንደሚያዋጣ አሳዩ። ችግሩ ዲስክ በበዛ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የሚበላሽበት ቀን መቅረቡ ነው። መፍትሔው የአንዱን መጥፋት ከመጀመሪያው ታሳቢ ያደረገ፣ ሲጠፋም የሚተካ ትርፍ መረጃ አብሮ ማስቀመጥ ሆነ።

አደራደሮቹ በቁጥር ይለያሉ። ሬይድ 1 ተመሳሳይ ዳታ በሁለት ዲስኮች ላይ ይጽፋል። ሬይድ 5 የአንድ ዲስክ መጥፋትን፣ ሬይድ 6 ደግሞ የሁለት ዲስኮችን መጥፋት ይችላል። ሬይድ 10 ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላው ቅጂ የሆኑ ዲስኮችን አጣምሮ ያሠራል። ሬይድ 0 ምንም ማካካሻ ስለሌለው አንድ ዲስክ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። እዚህ የማብራራው በትንንሽ ድርጅቶች ዘንድ የተለመደውን ሬይድ 5ን ይዤ ነው። በአንድ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ ውስጥ አራት ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮች የያዘ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት የሚሠራ ሰርቨር አለ እንበል። ጠቅላላው 32 ቴራባይት ቢሆንም ለዳታ የሚውለው 24ቱ ነው፤ የቀረው 8 የማካካሻው ድርሻ ነው።

ማካካሻው ፓሪቲ ይባላል፤ አሠራሩም ከመደመርና ከመቀነስ የራቀ አይደለም። 7፣ 5 እና 3 የሚሉ ሦስት ቁጥሮችን ጽፈን ድምራቸውን 15ን በአራተኛ ቦታ ላይ ብናስቀምጥ፣ 5 ቢጠፋብን ከ15 ላይ 7ን እና 3ን ቀንሰን መልሰን እናገኘዋለን። ከአራቱ የትኛውም አንዱ ቢጠፋ ከቀሩት ሦስቱ ይወጣል። ሁለት ቢጠፉ ግን ሒሳቡ መልስ የለውም። ኮምፒውተሩ ይህንኑ በዜሮና በአንድ ይሠራዋል፦ በሦስቱ ዲስኮች ላይ ያሉት አንዶች ብዛት ጎዶሎ ከሆነ ፓሪቲው 1፣ ሙሉ ከሆነ 0 ይሆናል። ፓሪቲውም በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይከማችም፤ በአራቱም ላይ በየተራ ይሰራጫል። ሬይድ 6 ከዚህ በላይ ሁለተኛ ስሌት ይጨምራል፤ የሒሳቡ መሠረት ኧርቪንግ ሪድ እና ጉስታቭ ሰለሞን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት የስህተት ማረሚያ ዘዴ ነው።

አሁን አንዱ ዲስክ ወደቀ እንበል። የዲስኮቹ ስብስብ ወዲያው አይቆምም። በቃሬዛ ላይ ሕመምተኛ ከተሸከሙ አራት ሰዎች አንዱ ደክሞ ቢለቅ የቀሩት ሦስቱ ክብደቱን ተካፍለው ጉዞውን እንደሚቀጥሉ፣ የቀሩት ሦስት ዲስኮችም የጎደለውን ዳታ በተጠየቁ ቁጥር እያሰሉ ያቀርባሉ። ሠራተኞች ፋይላቸውን ይከፍታሉ፣ ያስቀምጣሉ፤ ምናልባት ሰርቨሩ ትንሽ ዘገየ ይሉ ይሆናል። ይህ የተጓደለ ሁኔታ ይባላል፤ ፍርሃቴም ያለው እዚህ ጸጥታው ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ ወደ ኢሜይል የሚልክ መከታተያ ካልተዘጋጀ ስብስቡ በሦስት ዲስክ ወራትን ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ሁለተኛው ሲወድቅ ሰው ሁሉ «በአንድ ቀን ሁለት ዲስክ ሞተብን» ይላል። የመጀመሪያው ግን ከሞተ ቆይቷል፤ ያየው ሰው ነው ያልነበረው።

የመጀመሪያው ሥራ ማየት ብቻ ነው። በሊኑክስ ላይ የስብስቡን ሁኔታ የሚያሳየው ፋይል ኤምዲስታት ይባላል። በሥራ ላይ ላለ ዲስክ «ዩ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለጎደለው ደግሞ የግርጌ ሰረዝ ያሳያል። ከአራት ሦስት ፊደልና አንድ ሰረዝ ካዩ አንድ ጎድሏል ማለት ነው። ቀጥሎ የሲስተሙን መዝገብ ያንብቡ፦ ዲስኩ የወጣው መቼ ነው? ከመውጣቱ በፊት ምን ስህተት ተመዘገበ? ያዩትን ሁሉ ከዚያው ሰርቨር ውጭ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ በኋላ ነገሩ ቢወሳሰብ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ከስብስብ የተባረረ ዲስክ ሁሉ የሞተ ዲስክ አይደለም። ዲስኮች ስማርት የሚባል የጤና መዝገብ አላቸው። በመዝገቡ ቁጥር 5 በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን፣ ማለትም ዳታ የሚጻፍባቸውን የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች፣ ይቆጥራል። ቁጥር 197 አልነበብ ብለው በጥርጣሬ የተያዙትን፣ 198 ደግሞ ጭራሽ ያልተነበቡትን ይመዘግባል። እነዚህ ከፍ እያሉ ከመጡ ዲስኩ በእርግጥ እየሄደ ነው። ቁጥር 199 ብቻውን ከጨመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የመሰኪያው ነው፤ አዲስ ዲስክ ገዝቶ በዚያው በተበላሸ ገመድ ላይ መሰካት ችግሩን አይነካውም። ሌላም ምክንያት አለ። ለተራ ኮምፒውተር የተሠራ ዲስክ አንድ መጥፎ ሴክተር ሲያጋጥመው ለማንበብ ረጅም ጊዜ ይታገላል፤ ሊኑክስ ግን በተለመደው አሠራሩ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው። ዲስኩ እየታገለ ሳለ ጊዜው ያልቅና መልስ እንደማይሰጥ ተቆጥሮ ሊባረር ይችላል። ለሬይድ የተሠሩ ዲስኮች በ7 ሰከንድ ገደማ ተስፋ ቆርጠው ስህተቱን ስለሚናገሩ ሲስተሙ ያንን ሴክተር ከፓሪቲው አስልቶ መልሶ ይጽፈዋል። ርካሹን ዲስክ ለሬይድ መግዛት የሚያስከፍለው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ዲስኩ የመፋቅ ወይም የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ወዲያው ከሥራ ያውጡት። የማንበቢያው ራስ የሚዞረውን ሰሌዳ እየነካ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ዙር ዳታ እየፋቀ ነው ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም ሆነ ክዳኑን ቤት ውስጥ መክፈት የባሰ ያጠፋዋል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው አዲሱን ዲስክ ወደ መሰካት ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ ዳታውን ቅዱ እላለሁ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። መልሶ ግንባታ ማለት የቀሩትን ሦስት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የጎደለውን ማስላት ነው። ሬይዱ የትኛው ቦታ ፋይል እንደያዘና የትኛው ባዶ እንደሆነ ስለማያውቅ 24 ቴራባይት በሙሉ ያነባል። ቢሮው የሚጠቀምበት 3 ቴራባይት ብቻ ከሆነ ግን ፋይሎቹን ወደ ውጭ ዲስክ መቅዳት የሚያነበው ያንኑ 3 ቴራባይት ነው። የቀሩት ዲስኮች በአንድ ቀን የተገዙ፣ እኩል ዕድሜ የሠሩ ናቸው፤ ከባዱን ሥራ ከመጫናችን በፊት ቀላሉን እናስቀድም። ከቅጂውም ውስጥ ሊተካ የማይችለው ይቅደም፦ የሒሳብ ዳታቤዙ፣ ውሎቹ፣ ፎቶግራፎቹ።

ስለ እኩል ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ኤችፒኢ የተባለው ኩባንያ አንዳንድ የኤስኤስዲ (የሚዞር ሰሌዳ የሌለው ዲስክ) ሞዴሎቹ በውስጣቸው ባለ የሶፍትዌር ስህተት ምክንያት ልክ 32,768 ሰዓት እንደ ሠሩ እንደሚቆሙና ዳታቸውም እንደሚጠፋ አስታውቆ ማስተካከያ አወጣ። በአንድ ቀን የበሩ ዲስኮች በአንድ ሰዓት ይወድቃሉ ማለት ነው፤ እንዲህ ላለ ነገር ሬይድ 6ም አይደርስለትም።

በአምራቾች መግለጫ ላይ የሚያስፈራ ሌላ ቁጥርም አለ። ብዙ ተራ ዲስኮች በ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ቢበዛ አንድ የማይነበብ ቦታ እንደሚያጋጥም ይጽፋሉ፤ ይህ 12.5 ቴራባይት ገደማ ነው። እንደ ወረቀቱ ከሆነ 24 ቴራባይት ስናነብ ሁለት ጊዜ እንሰናከላለን። በተግባር ጤነኛ ዲስኮች ከዚህ እጅግ የተሻሉ ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ፍርድ መውሰድ አያስፈልግም። ሆኖም በተጓደለ ሬይድ 5 ላይ አንድ የማይነበብ ሴክተር ማካካሻ የለውም። አንዳንድ የሬይድ ካርዶች በዚያች አንዲት ሴክተር ምክንያት ግንባታውን በሙሉ ያቋርጣሉ፤ ሌሎች ቦታውን መዝግበው ያልፋሉ። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሲስተም (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) በዚህ ረገድ ይበልጣል፦ ፋይሉንና ዲስኩን አንድ ላይ ስለሚያስተዳድር የሚገነባው በሥራ ላይ የዋለውን ቦታ ብቻ ነው፤ የተጎዳ ፋይል ካለም በስሙ ይነግርዎታል።

የሚተካው ዲስክ መጠን ከወደቀው ማነስ የለበትም። ዓይነቱም ወሳኝ ነው። አንዳንድ ዲስኮች ብዙ ዳታ ለመያዝ የጽሑፍ መስመሮቻቸውን በከፊል አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ይጽፋሉ። ለንባብ ችግር ባይኖረውም ተከታታይ ከባድ ጽሑፍ ሲመጣ እጅግ ይዘገያሉ፣ መልሶ ግንባታ ደግሞ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ ብሎ ከሚሸጣቸው ቀይ ዲስኮች ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት በርካታዎቹ እንዲህ ያሉ መሆናቸው ታውቆ ብዙ ተጠቃሚዎችን አስቆጥቷል፤ ሥሪቱ በምርቱ መግለጫ ላይ አልተገለጸም ነበርና። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ያጣሩ።

ሲነቅሉ የዲስኩን መለያ ቁጥር ከተለጠፈበት ወረቀት ላይ አንብበው ከሲስተሙ ጋር ያመሳክሩ። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጣቸው የፊደል ስሞች ሰርቨሩ ተነሥቶ ሲበራ ሊቀያየሩ ይችላሉ፤ ትናንት ሦስተኛ የነበረው ዛሬ ሁለተኛ ሊሆን ይችላል። በተጓደለ ስብስብ ላይ ጤነኛውን መንቀል ማለት ሁለተኛ ዲስክ ማጣት ነው። ዲስኩ ታመመ እንጂ ገና አልሞተም ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይንቀሉት። ክፍት ቦታ ካለ አዲሱን በተጨማሪ ሰክተው ኤምዲአድም በሚባለው መሣሪያ የመተካት ትእዛዝ ይስጡ። አሮጌው በሥራ ላይ እያለ ዳታው ወደ አዲሱ ይገለበጣል፤ ያልተነበበ ቦታ ሲያጋጥም ብቻ ከሌሎቹ ይሰላል። ስብስቡ በዚህ መንገድ አንድም ሰዓት ያለ ማካካሻ አይቆይም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በሰከንድ 150 ሜጋባይት እየጻፈ ቢሄድ 8 ቴራባይት ለመሙላት 15 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሠራተኞች በመካከሉ የሚጠቀሙበት ከሆነ ቀናት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የዓርብ ማታ መጀመር ደግ ነው። በኢትዮጵያ ላለ ቢሮ ከዚህ ሰዓት ጋር የሚነሣው ጥያቄ የመብራት ነው። ሬይድ 5 ዳታውንና ፓሪቲውን በተለያዩ ዲስኮች ላይ ስለሚጽፍ መብራት በመካከሉ ከጠፋ አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ ይቀራል። አራቱም ዲስኮች ካሉ ሲስተሙ ፓሪቲውን እንደገና አስልቶ ያስተካክለዋል። አንዱ ከጎደለ ግን የማይስማማውን ፓሪቲ ተጠቅሞ ዳታ ቢያሰላ የተሳሳተ ውጤት ሊያወጣ ይችላል። ሊኑክስ ይህን ስለሚያውቅ የተጓደለና በጽሑፍ መካከል የተቋረጠ ስብስብን በራሱ ለማስነሣት እምቢ ይላል። ሰርቨሩ ሲበራ ይህን የሚል መልእክት ያየ ሰው ሁሉም ነገር ያበቃ ይመስለዋል። አላበቃም፤ በግዳጅ ማሰባሰብ ይቻላል፣ የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ በዚያች ቅጽበት ይጻፍ የነበረው ጥቂት ነገር ነው። ቢሆንም የዩፒኤሱ ባትሪ መሥራቱን ሳያረጋግጡ፣ ጄኔሬተር ካለም ነዳጁን ሳያዩ ግንባታ አይጀምሩ።

ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፦ ሁለት ዲስክ ወጥቶ ስብስቡ ቆሟል። እያንዳንዱ ዲስክ ስለ ስብስቡ አጭር ማስታወሻ በራሱ ላይ ይይዛል፤ የየትኛው ስብስብ አባል እንደሆነ፣ በስንተኛ ቦታ እንዳለ፣ ዳታው በምን ያህል ቁራጭ እንደተከፋፈለ። ከዚህም ጋር የክስተት ቆጣሪ አለ፤ በስብስቡ ላይ ለውጥ በተመዘገበ ቁጥር ከፍ ይላል። ከስብስቡ የወጣ ዲስክ ቆጣሪው በወጣበት ቁጥር ላይ ይቆማል። የአራቱን ቆጣሪዎች አንብበን ሁለቱ 48,210፣ ሦስተኛው 48,206፣ አራተኛው ደግሞ 31,977 ላይ ቢሆኑ ታሪኩ ይነበባል፦ አራተኛው ከወጣ ቆይቷል፣ ሦስተኛው የወጣው አሁን ነው። በሦስተኛው ላይ ያለው ዳታ ከሁለቱ ጋር የሚለየው በጣም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ሦስቱን በግዳጅ አሰባስቦ ስብስቡን ማስነሣት ይቻላል። አራተኛው ግን ወራት ያለፈበት ዳታ ስለያዘ ፈጽሞ በዚህ ውስጥ መግባት የለበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ትእዛዞች አሉ፤ ልዩነታቸው የዳታ መኖርና አለመኖር ነው። አንደኛው ማሰባሰብ ነው፤ በዲስኮቹ ላይ ያለውን ማስታወሻ አንብቦ በእርሱ መሠረት ያገናኛቸዋል። ሁለተኛው እንደ አዲስ መፍጠር ነው፤ የነበረውን ማስታወሻ ደምስሶ አዲስ ይጽፋል። ተስፋ የቆረጠ ሰው «ከመጀመሪያው ብፈጥረውስ?» ይላል። የዲስኮቹ ተራ፣ የቁራጩ መጠን፣ ዳታው ከየት እንደሚጀምር፣ ሁሉም ከቀድሞው ጋር ካልገጠመ የሚያገኘው የተዘበራረቀ ነገር ነው። መሣሪያው ሳይጠየቅ የሚመርጠው የቁራጭ መጠን እንኳ በዓመታት ውስጥ ከ64 ኪሎባይት ወደ 512 ኪሎባይት ተቀይሯል። ከዚህ ላይ ሲስተሙ ፓሪቲውን ልሥራ ብሎ መጻፍ ከጀመረ የነበረው ዳታ ይሸፈናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ዘግይቶ የወጣው ዲስክ ራሱ የታመመ ከሆነ በቀጥታ አይጠቀሙበት። ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የዲስኩን ይዘት ሴክተር በሴክተር ወደ አዲስ ዲስክ ይገለብጣል። ብልኅነቱ ቀላሉን አስቀድሞ መጥፎውን ቦታ መዝለሉ ነው፤ በኋላ ተመልሶ የተዘለለውን በትዕግሥት ይሞክራል። የደረሰበትንም በፋይል ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ስብስቡ የሚነሣው በታመመው ምትክ ቅጂውን ይዞ ነው። አቅሙ ካለ ሁሉንም ዲስኮች እንዲህ ቀድቶ ዋናዎቹን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ከሁሉ ይሻላል። ስብስቡ ሲነሣም መጀመሪያ ለንባብ ብቻ ይክፈቱት። ፋይሎችን፣ በተለይ ትልልቆቹን፣ ከፍተው ይዩ፤ ትንሽ ፋይል በአንድ ቁራጭ ውስጥ ስለሚያድር የዲስኮቹ ተራ ቢሳሳትም ጤነኛ መስሎ ሊከፈት ይችላል። የፋይል ሲስተም ማረሚያ ፕሮግራም ከዚህ በፊት መሮጥ የለበትም። በተሳሳተ ተራ በተሰባሰበ ስብስብ ላይ ማረም ማለት ትክክለኛውን ዳታ ስህተት ነው ብሎ መቀየር ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ብዙውን አያየውም። ሬይድ ደግሞ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በጥር የመጨረሻ ቀን ጊትላብ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ መሐንዲስ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ማውጫ ሰረዘ፤ 300 ጊጋባይት ያህል ሄደ። ዲስኮቹ ምንም አልሆኑም ነበር። ኩባንያው ወደ መጠባበቂያዎቹ ሲዞር ብዙዎቹ እንደማይሠሩ ተገነዘበ፤ በመጨረሻ ያዳነው ከ6 ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። ተመልሶ ሲከፈት ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ግንባታው ሲያልቅ አንድ ሙሉ ፍተሻ ያስኬዱ፤ ዲስኮቹን በሙሉ አንብቦ ዳታውና ፓሪቲው መስማማታቸውን ያያል። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ይህ ፍተሻ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በራሱ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ማንም የማይከፍተው አሮጌ ፋይል ሥር የተደበቀ መጥፎ ሴክተር የሚገኘው በዚህ ነው፤ ካልተገኘ የሚገለጠው በሚቀጥለው መልሶ ግንባታ መካከል ይሆናል። የኢሜይል ማስጠንቀቂያውንም የሙከራ መልእክት አስልከው መድረሱን ይዩ።

የወጣውን ዲስክ እስከ ፍተሻው መጨረሻ አይጣሉት። ከዚያ በኋላም በዋስትና ከመመለስዎ ወይም ለሻጭ ከመስጠትዎ በፊት ይዘቱን ያጥፉ፤ የማይታዘዝ ከሆነ በአካል ይስበሩት። አንድ ዲስክ ብቻውን ምንም አይነበብበትም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቁራጩ 512 ኪሎባይት በሆነ ስብስብ ላይ ደብዳቤም፣ የደመወዝ ዝርዝርም፣ የመታወቂያ ቅጂም ሙሉውን በአንድ ዲስክ ላይ ሊያርፍ ይችላል።